ባለ ጥቁር ክር አንሶላ

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የመተኮሻ ክፍሉን በር ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ጫማው የተወለወለ ነው። እኛ ቤት እንደዚያ የሚወለወል ጫማ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አሠሪያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው። ከጉልበቱ በላይ ነጭ አንሶላ ለብሷል። አንሶላው በጭንቅላቱ በኩል ቀልቷል።

አልጮህኩም። ለመጮህ የሚሆን ጊዜ ኖሮኝ አያውቅም። በሩን መልሼ ዘጋሁና ደረሰኝ ቆራጯን ልጅ «መጀመሪያ ፖሊስ ጥሪ፤ ከዚያ ታለቅሺያለሽ» አልኳት። እሷ ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው።

ላውንደሪያችን የሆቴልና የክሊኒክ ልብስ ያጥባል። አርባ ሰው ይሠራበታል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ልብስ ስተኩስ ነው የኖርኩት። ሠራተኛው ከኋላዬ «ካውያዋ» ይለኛል። ስለ ሥራሽ ነው ይሉኛል፤ ስለ አፌ መሆኑ ግን ጠፍቶኝ አያውቅም። ታናሽ እህቴ እዚያው አጣቢ ናት። አብረን ነው የምንኖረው፤ ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ ሬዲዮ። ድሮ ሦስት ነበርን። የእህቴ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ላውንደሪ ውስጥ የእንፋሎት ቧንቧ ፈንድቶባት ሞተች። ሃያ ዓመቷ ነበር።

የመጣው መርማሪ ያኔ በልጅቷ ሞት የመጣው ራሱ ነው። ያኔ ቀጭን ነበር። አሁን ቀበቶው ከሆዱ ሥር ተደብቋል።

«እማማ፣ ዛሬም እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«እኔማ የትም አልሄድኩ። አንተ ነህ የምትመላለሰው።»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ ገባ። ሲወጣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነበር፤ የድሮው የብረት ካውያ፤ ዛሬ ዛሬ በር እንዳይዘጋ የምንደግፍበት።

«ገዳዩ አጥቦ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል» አለ። «እጀታው ሥር ያለው ብሎን ላይ ግን ፀጉር ቀርቷል። የሞተው ትናንት እሁድ ነው፤ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ። በር አልተሰበረም። ወይ ቁልፍ ያለው ሰው ነው፣ ወይ ራሱ ሟቹ ከፍቶ ያስገባው። እርስዎ እሁድ የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

«ከማን ጋር?»

«ከእህቴ ጋር። ምሳ በላን፣ እኔ ጋደም አልኩ፣ እሷ ጎን ባለው ክፍል ሬዲዮ ትሰማ ነበር። እስኪመሽ አልወጣንም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ያልሆንኩትን ተናግሬ አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አለ እየጻፈ። «እዚህ ቤት ሳልመረምር የማምነው የእርስዎን ቃል ብቻ ነው።»

ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ።

*

የመተኮሻ ክፍሉ ስለታሸገ መርማሪው ማጠፊያ ክፍላችን ውስጥ ጠረጴዛ አስቀመጠ። የሆቴሉ አንሶላ ጋሼ ሞተ ብሎ አይጠብቅምና እኔም እዚያው ማጠፌን ቀጠልኩ። የሚለየን መጋረጃ ነው። ጆሮዬ ደግሞ እንደ ዓይኔ አላረጀም።

ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ ያስፈልጋል። ፊደል አልቆጠርኩም። ሌሎቹ ልብሱን የሚለዩት ደረሰኝ ቆራጯ በምትሰካው ወረቀት ነው። ወረቀት ውኃ ሲነካው ይሟሟል፤ የኔ አይሟሟም። እኔ በእያንዳንዱ ልብስ ጠርዝ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ክር እሰፋለሁ። ሰማያዊ የሆቴሉ ነው። ቀይ የክሊኒኩ። ቢጫ የራሴ ቤት። ጥቁር ደግሞ ባለቤት የሌለው፤ ዓመት አልፎት ማንም ያልጠየቀው፤ ማሽን ለመጥረግ፣ የፈሰሰ ለማድረቅ እኔ እየመረጥኩ የማወጣው። እሱ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ከሌላው ነጭ ጋር ተቀላቅሎ ይቀመጣል። ከላይ ላየው ሁሉም ነጭ አንሶላ ነው።

መጀመሪያ ደረሰኝ ቆራጯ ገባች።

«ጋሼ ለኔ አባቴ ነበር» አለች እየተንሰቀሰቀች። «ማታ ትምህርት ያስገባኝ እሱ ነው። እናቴ ስትታመም በመኪናው የወሰዳት እሱ ነው። ማን እንዲህ ያለ ሰው ይገድላል?»

«ማን ሊገድል ይችላል ትያለሽ?»

«እኔ ሰው ስም አላጠፋም።»

«አጥፊ ግድ የለም።»

«ቅዳሜ ጋሼና የእንፋሎቱን ጋን የሚያነድደው ባለ ቦይለሩ ተጣልተው ነበር። ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ሰው ፊት። ጋሼ ጓጉንቸር ይዞ ነበር። ባለ ቦይለሩ ‘ይኼን መልሰህ ካንጠለጠልከው እገድልሃለሁ’ ብሎ ጮኸ።»

«የምን ጓጉንቸር?»

«እኔ እንጃ። እኔ ከመጣሁ ገና አንድ ዓመቴ ነው።»

ቀጥሎ የጋሼ ሚስት መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ፊቷ ግን ጥቁር አልለበሰም።

«ሃያ ስድስት ዓመት ኖርን» አለች። «ሲቆጣ ሦስት ወር አንድ ቃል ሳይናገረኝ ይቀመጣል። ገበታ ላይ አጠገቤ ሆኖ ጨው በሠራተኛዋ በኩል ነው የሚጠይቀኝ። መትቶኝ አያውቅም። ክፉ ነው ብዬ ለሰው የማሳየው ቁስል እንኳ አልሰጠኝም።»

«እሁድ የት ነበሩ?»

«እህቴ ጋ፤ ስድስት ሰው አይቶኛል። ስሰማ አላለቀስኩም። ጻፈው፤ አላፍርበትም።»

*

ባለ ቦይለሩን ማክሰኞ በካቴና አመጡት። ረጅም፣ እጁ ሁሌ ጥላሸት የሆነ ሰው ነው። እኔን መጋረጃው ሥር በጫማዬ አወቀኝ መሰለኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የተናገረው።

«ትጠላው ነበር?» አለ መርማሪው።

«አዎ። ግን አልገደልኩትም። እሁድ ሻወር ቤት ቦይለር ስጠግን ነበርኩ።»

«የሻወር ቤቱን ሰውዬ ጠየቅነው። አላውቀውም አለ።»

«ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ነው፣ ፖሊስ ሲያይ እናቱንም አላውቃትም ይላል!»

«ጓጉንቸሩስ?»

«የማጠቢያ ክፍሉ የኋላ በር መቆለፊያ ነው። ጋሼ ሠራተኛ እየሾለከ ይወጣል ብሎ በሥራ ሰዓት ከውጭ ይቆልፈው ነበር። ልጅቷ የሞተች ቀን ተቆልፎ ነበር። ሌሎቹ በፊት ለፊት ወጡ፣ እሷ ለኋላው ትቀርባለችና ወደዚያ ሮጠች። ቫልቩን ዘግቼ ስወጣ ጋሼ ጓጉንቸሩን ሲፈታ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅዳሜ ያንኑ ጓጉንቸር ይዞ መጣ። አበድኩ።»

«ያኔ ለምን አልተናገርክም?»

«ቧንቧው የፈነዳው በኔ ጥፋት ነው ሊሉ ነበር። ፈራሁ።»

መርማሪው ወረቀት ሲያገላብጥ ሰማሁ። «በሩ ክፍት እንደነበር መዝገብ ላይ አለ። የዓይን ምስክርም አለ።»

«ምስክሯ ዋሽታለች።»

«ማን፣ ካውያዋ?» ሳቀ። «ያቺ ሴትዮ በገዛ እህቷ ልጅ ሞት ላይ ትዋሻለች? አንተ ነህ የጠብህን ምክንያት ለመደበቅ ሬሳ የምትጎትተው።»

«ጠይቃት!»

አንድ የትራስ ልብስ አጥፌ ነበር። ፈታሁና እንደገና አጠፍኩት።

ከወሰዱት በኋላ መርማሪው መጋረጃውን ገለጠ።

«ሰሙ?»

«ደንቆሮ አይደለሁም።»

«እና?»

«ያኔ የተናገርኩትን ተናግሬያለሁ።»

የታሰረ ልብስ ላይ ቁጭ አለ፤ አልጋበዝኩትም። «እማማ፣ ስለ አንድ ሰውዬ ሦስት ሰው ጠየቅኩ፣ ሦስት ሰውዬ አገኘሁ። ለአንዷ አባት ነው፣ ለአንዷ ግድግዳ ነው፣ ለዚህኛው ሰይጣን ነው። ሦስቱም አልዋሹም። አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቼ የገባኝ ይኼ ነው፤ ክፉና ደግ የሚባለው ሰው በቆመበት ልክ ነው። ቦታህን ስትቀይር እሱም ይቀየራል።»

«አልገባህም» አልኩት። «የጋለ ካውያ ከፊት ንካው፣ ከኋላ ንካው፣ ያቃጥላል። ለጌታም ለሎሌም አይቀዘቅዝም። ጥፋት ጥፋት ነው፤ ሰው አየው አላየው።»

እህቴ የታጠበ ልብስ ልታስረክበኝ ገብታ ኖሯል። ቅርጫቱን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ። እንደዚያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

«እንዲህ ነው እትዬ?» አለች።

«እንዲህ ነው» አልኳት።

ወጣች።

*

ሐሙስ መርማሪው ጣቢያ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ላስቲክ ዘርግቶ ሬሳው የተሸፈነበትን አንሶላ አስቀምጧል።

«ወረቀት የለውም» አለ። «የየትኛው ደንበኛ ነው? የተወሰደበትን ቦታ ካወቅኩ ባለ ቦይለሩ በየት በኩል እንደገባ ይገባኛል። አቃቤ ሕጉ ነገ ክስ ይመሠርታል።»

ጠርዙን ያዝኩ። ጣቴን በስፌቱ ውስጥ ሰደድኩት። ዓይኔ ሳያይ ጣቴ ቆጠረው፤ ሦስት ስፌት። ከዚያ ገልጬ አየሁት።

ጥቁር።

ቅዳሜ ስወጣ ሬሳው ከወደቀበት አንድ ክንድ በማይርቅ ጠረጴዛ ላይ የሆቴሉን አርባ አንሶላ ተኩሼ ደርድሬ ነበር። ሰው ገድሎ የደነገጠ ሰው እጁ የደረሰበትን ይስባል። ይኼኛው ግን አርባውን አልፎ፣ አጎንብሶ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ባለቤት የሌለውን ፈልጎ አውጥቷል። የደንበኛ ንጹሕ ልብስ ላለማቆሸሽ።

ባለ ቦይለሩ አንሶላን ከመጋረጃ አይለይም። ደረሰኝ ቆራጯ የምታውቀው ወረቀቷን ነው። የክሩን ነገር ከቤቴ ውጭ ለማንም አላስተማርኩም፤ ካስተማርኩ ፊደል የማታውቅ አሮጊት ምን ታደርግላቸዋለች? የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እኔ ነኝ። አንዷ ሞታለች።

«እማማ? አመመዎት?»

«ዓይኔ ነው» አልኩ። «ነገ በብርሃን ልየው።»

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች።

*

ቤት ስገባ እህቴ ድንች ትልጣለች። ሬዲዮው ያወራል። ዘጋሁት።

«እሁድ ይኼን ከፍተሽው ነው የሄድሽው?»

ቢላዋው አልቆመም። «አንቺ ካንኮራፋሽ በኋላ ቤቱ ቢፈርስ አትሰሚ።»

«ጠረጴዛው ላይ አርባ አንሶላ ነበር።»

«የሆቴሉ ነው እኮ! ታጥቦ፣ ተተኩሶ። የሰው ንብረት ደም ላስነካ?» እብዷ እኔ እንደሆንኩ ሁሉ አየችኝ።

ተቀመጥኩ።

«ቅዳሜ ባለ ቦይለሩ ሲጮህ ሰማሁ» አለች። «እሁድ ልጠይቀው ሄድኩ። ልጠይቀው ብቻ። እሁድ እሁድ ብቻውን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። እሱው ከፈተልኝ። ጓጉንቸሩ እጁ ላይ ነበር፤ ዘይት እየቀባው። ‘ልጄ የሞተች ቀን ተቆልፎ ነበር ወይ?’ አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ?»

የወደቀ ልጣጭ ከወለሉ አነሣሁ።

«‘እህትሽን ጠይቂያት’ አለኝ። ‘ስፈታው አጠገቤ ቆማ ነበር’ አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ዘይቱን መቀባት ቀጠለ። ካውያው በር ሥር ነበር።»

እውነት ነው። ቆሜ ነበር። ያን ቀን ዞሬ ወደ ኋላ በር የሮጥኩት እኔ ነኝ። ከውስጥ በሩን ስትመታ ሰምቻለሁ፤ ጋሼ ቁልፉን ይዞ እስኪመጣ መምታቷን አቁማ ነበር። ሲከፍት ጓጉንቸሩን ኪሱ ከተተና ጆሮዬ ላይ «ይኼ ከተሰማ ቤቱ ይዘጋል፤ የአርባ ሰው ጉሮሮ ባንቺ አፍ ላይ ነው» አለኝ። ቀጭኑ መርማሪ ሲጠይቀኝ «በሩ ክፍት ነበር፤ ልጅቷ ደንግጣ ነው ያልወጣችው» አልኩ። ጻፈው። እኔም አመንኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ለአርባ ሰው ስል ያደረግኩት ደግ ነገር ብዬ ስቆጥረው ኖርኩ።

«ለአርባ ሰው ብዬ ነው» አልኳት።

«ልጄን ሞኝ አድርገሽ ቀበርሻት።» ድንቹን ውኃ ውስጥ ጣለችው። «በር ተከፍቶላት መውጣት ያቃታት ሞኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ስወቅሳት ነበር፤ ‘ምናለ በእጅሽ ገፋ ብታደርጊው’ እያልኩ። የሞተች ልጄን!»

«ከእሁድ ጀምሮ ለምን ምንም አላልሽኝም?»

«ራስሽ ትነግሪኝ እንደሁ ብዬ። ማክሰኞ ‘ጥፋት ጥፋት ነው’ ስትይ ሰማሁሽ። አሁን ትነግረኛለች ብዬ ሻይ አፈላሁልሽ። ጠጣሽና ተኛሽ።»

«ባለ ቦይለሩ ነገ ይከሰሳል።»

«አውቃለሁ። ሂጂ ንገሪያቸው። እኔ ብቻዬን ሄጄ በሩ ተቆልፎ ነበር ብል የነፍሰ ገዳይ ወሬ ይሉኛል። የሚታመነው ያንቺ አፍ ነው።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ግን ሁለቱንም ትናገሪያለሽ። የኔን ስትናገሪ የልጄንም።»

«እናገራለሁ።»

«በአጥንቷ?»

«በአጥንቷ።»

*

አርብ ጠዋት የጣቢያው ኮሪደር ላይ የባለ ቦይለሩ ሚስት ምሳ ዕቃ ታቅፋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ አሳለፈችኝ። «እማማ፣ እርስዎ ቢናገሩለት ያምኑዎታል» አለችኝ።

ለመርማሪው ሁሉን ነገርኩት። ክሩን፣ ሬዲዮውን፣ እንቅልፌን። ከዚያም በሩን፣ ጓጉንቸሩን፣ ከውስጥ የሰማሁትን መምታት። ስጨርስ ብዙ ጻፈ።

«አንብብልኝ» አልኩት።

አነበበ። ክሩ አለ። እንቅልፌ አለ። እህቴ አለች።

«በሩስ?»

«እሱ ሌላ መዝገብ ነው፤ ተዘግቷል።»

«ክፈተው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እማማ፣ ያንን መዝገብ የዘጋሁት በእርስዎ ቃል ነው። ያኔ ዋሽቻለሁ ካሉ፣ አሁን እንደማይዋሹ በምን አውቃለሁ? የእሁዱንም አንዴ ቀይረዋል። አቃቤ ሕጉ ‘ይቺ ሴትዮ ውሸታም ናት’ ብሎ ይኼንንም ይጥለዋል። ያኔ ባለ ቦይለሩ እዚያው ይቀራል።» ጣቱን ወደ ኮሪደሩ አመለከተ። «እርስዎ ዋሽተው የማያውቁ ሴት ከሆኑ እሱ ዛሬ ይወጣል። ዋሽተው የሚያውቁ ከሆኑ አይወጣም።»

«አንተ ለራስህ ብለህ ነው። ያጠፋኸው እንዳይታይብህ።»

«ከቆምኩበት ስንት ነገር ይታያል» አለ። አላፈረም።

«ጥፋት—» ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም። ኮሪደሩ ላይ ሴትየዋ የምሳ ዕቃዋን ክዳን ከፍታ ዘጋች።

አውራ ጣቴን ሰጠሁት። ቀለም አስነካልኝ። ወረቀቱ ላይ ተጫንኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስንት ቀለም አስለቅቄያለሁ፤ ያ ሰማያዊ ግን ሦስት ቀን እጄ ላይ ከረመ።

እህቴን ከላውንደሪው ሲያመጧት በኮሪደሩ አጠገቤ አለፈች።

«በሩን ተናገርሽ?»

«ተናገርኩ።»

«ጻፈው?»

ጣቴን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩ። አየችው። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተናገረችኝም።

ባለ ቦይለሩ ያንኑ ቀን ተፈታ። ሲወጣ ሰላም አላለኝም፤ ሚስቱ ግን ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ከለከልኳት። የጋሼ ሚስት በወሩ ላውንደሪውን ዘጋችው። አርባው ሰው ተበተነ።

ለእህቴ ልብሷን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በየአንገትጌው ውስጥ የቤታችንን ቢጫ ክር ሰፍቼ ወደ ወህኒ ቤት ላክሁ። ሴቶቹን እዚያ በነጭ ክር ጥልፍ ያሠሯቸዋል ይባላል። በሳምንቱ ስሄድ ጠባቂዋ ከረጢቱን መለሰችልኝ።

«አልፈልግም ብላለች፣ እማማ። ይውሰዱት።»

ቤት ወስጄ ፈታሁት። አልለበሰችውም፤ እኔ እንዳጠፍኩት ነው። አንገትጌውን ገለጥኩ። ቢጫው ክር ተተርትሮ ወጥቷል። በቦታው ሦስት ጥቁር ስፌት አለ፤ ጥብቅ ያለ፣ እኔ ያስተማርኳት ስፌት። እስር ቤት ጥቁር ክር ከየት አገኘች ብዬ በጣቴ ዳሰስኩት።

ክር አይደለም። ፀጉሯ ነው።